አሥራ አራት ዲስክ፣ አንድ ዘፈን

ግንቦት 3፣ ሰኞ። ሥራ ቦታ፣ በሁለት በሽተኛ መሃል

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጥቷል። ዳኛዋ ጠዋት ሳህኔ አጠገብ ጣል አድርጋልኝ፣ አንብበህ ፈርምበት ብላ ሄደች። ልጄን ዳኛ ማለት የጀመርኩት ገና በአራት ዓመቷ ነው፤ ያኔም በሁሉ ነገር ላይ ትፈርድ ነበር። ዛሬ አሥራ ሰባት ሞልቷት ጭራሽ ይግባኝ የማይባልባት ሆናለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ የሚጨርሱ ተማሪዎች ለመዝጊያው ቀን የልጅነታቸውን የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ከየቤታቸው ያመጣሉ። አዳራሽ ውስጥ ይታያል፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል። ከጀርባው ባለቤት ያለው፣ መብቱ የተጠበቀ ሙዚቃ መግባት የለበትም። አምና ይህን ባለማወቃቸው ድረ ገጹ የአሥራ አንድ ልጆችን ቪዲዮ ድምፅ ቆርጦ ጥሎት ወላጅ ሁሉ ተቆጥቶ ነበር አሉ።

እኔ ዘንድ አሥራ አራት ዲስክ አለ። ከተወለደችበት ሳምንት እስከ ሰባት ዓመቷ፤ የቀረጽኩትም ያቀናበርኩትም እኔው ነኝ። አሥራ አራቱም ላይ ያለው አንድ ዘፈን ነው፣ ያ በሳክስፎን የሚጀምረው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ እሱን አንስቶ ሌላ መተካት ነው። የሁለት ቀን ሥራ።

ባለቤቴም ለመዝጊያው ትመጣለች። ታየዋለች። ይህን ያየች ሰው ልቧ አይጨክንም።

እስካሁን እህቷ ቤት ናት። እህቷ የሐሞት ጠጠር አስወጥታ አስታማሚ ያስፈልጋት ነበር። ለእንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ክሊኒክ ነው የምሠራው፣ አውቀዋለሁ። ግን ቶሎ የማይሽርለትም ሰው አለ።

ተጠራሁ። የደረት ራጅ።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ባለቤት የሌለው ሙዚቃ መዓት ነው። ስማቸው «ደስተኛ ማለዳ»፣ «የቤተሰብ ጊዜ»፣ «ደስተኛ ማለዳ ቁጥር ሦስት»። «የቤተሰብ ጊዜ»ን ልጄ ስትድህ በሚያሳየው ላይ ጫንኩት፤ ባንክ የምታስተዋውቅ መሰለች። ዋሽንት ሞከርኩ፣ ሰው የሞተብን መሰለ። ፒያኖ ሞከርኩ፣ ቤቱ የሆቴል አሳንሰር ሆነ። ከበሮ ስሞክር ጎረቤት ግድግዳውን መታ።

አርባ ያህል አዳምጬ አንድም አልያዝኩም። ተነሳሁ፣ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ለምን እንደገባሁ ጠፋኝ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኛል። እሷ ስለሌለች አይደለም፤ ወንበሩ ነው የማይመቸው።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። ነገሩ ከሙዚቃ አልፏል። ለካ ምስሉን የቆራረጥኩት በዘፈኑ ምት ልክ ነው። ዱም ሲል ልጅቷ ትነሳለች፣ ዱም ሲል ትወድቃለች፣ ዱም ሲል ኬክ። ያኔ ስንቱ አጨብጭቦልኛል። አሁን ዘፈኑ ሲወጣ ምስሉ ብቻውን እንጣጥ እንጣጥ ይላል፤ ሌላ ሙዚቃ በጭራሽ አይገባበትም።

እንደ አዲስ መቁረጥ አለብኝ። ለዚህ መጀመሪያ በካሜራው የቀረጽኩበት፣ ያልተነካው ካሴት ያስፈልጋል። ካሴቶቹን ደግሞ ለቁጠባ ብዬ በላያቸው ደጋግሜ ቀርጬባቸዋለሁ። የተረፉት አምስት ነበሩ፤ እነሱንም ባለቤቴ ጣለቻቸው። በዚህ ተጣልተን ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። ማለቴ፣ እኔ አላናገርኳትም።

ዳኛዋ እናቷ ጋ ሄዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች። እኔን ና ያለኝ የለም።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን ብቻ ሳይ ዳኛዋ ከትምህርት ቤት ገብታ ከኋላዬ ቆመች። አራተኛው ዲስክ ነው፤ ሳፋ ውስጥ ስትታጠብ፣ እናቷ ተንበርክካ አንገቷን ደግፋት። ባለቤቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ያን ሰሞን በአንድ እጇ ልጅ አቅፋ በሌላው ትሰፋ ነበር። ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ይህን ዲስክ ሃምሳ ጊዜ አይቼው ይሆናል፤ ዐይኗ ሥር መጥቆሩን ግን ያየሁት ዛሬ ነው። ሳክስፎኑ ሲጮህ እዚያ ጋ ማን ልብ ይላል።

ሌላም ነገር አየሁ። አፏ ይንቀሳቀሳል። በዚህኛው ብቻ አይደለም፣ ወደ ኋላ መለስኩ፣ ወደ ፊት ሄድኩ፣ በሁሉም ነው። አንድ ነገር ትላለች፣ ትጠብቃለች፣ ትደግመዋለች።

«ምን እያለች ነው?» አለች ዳኛዋ።

«ካሜራውን እዪ እያለችሽ ነዋ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «እኔን እኮ አይደለም የምታየው፤ አንተን ነው።»

ሻይ ላፍላልሽ ወይ አልኳት። አልፈልግም ብላ ክፍሏ ገባች።

ግንቦት 13፣ ሐሙስ። ሥራ ቦታ

ትንፋሽ ይያዙ። እንዳይንቀሳቀሱ። ይተንፍሱ። በቀን ስልሳ ጊዜ ነው የምለው። ከዚህ ሌላ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም፤ ሥራዬ ምስል ነው፣ ምስል ደግሞ አይናገርም፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው።

ዛሬ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስታወራ ከበሩ ጀርባ ሰማሁ። ሸሚዙን አይተሽዋል ወይ አለቻት፤ እሷ እንደሆነች አትመለስም፣ ይህን ያልሰማ እሱ ብቻ ነው አለቻት። ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ክሊኒኩ ውስጥ ሸሚዝ የሚለብሰው እኔ ብቻ ነኝ እንዴ። ግን ምሳ ሰዓት ላይ መስታወት ፊት ቆሜ ኮሌታዬን አየሁት። እውነቷን ነው።

ባለቤቴ የሄደች ቀን በር ላይ ቆማ ሦስት ነገር ነግራኛለች። እኔ ዲስኮቹን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አለ፤ ስትናገር አንዱን ወገን አነሳሁት። ያነሳሁት ዘግይቼ ነው መሰለኝ፣ የያዝኩት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ጋዙን መዝጋት እንዳትረሳ። እሱን አልረሳሁም።

ግንቦት 16፣ እሁድ

ደወልኩ። ያነሳችው እህቷ ናት። እትዬ፣ ተሻለሽ ወይ ብላት፣ እኔማ ከዳንኩ ወር አለፈኝ አለች። ከዚያ ስልኩን ለባለቤቴ አቀበለቻት።

ስለ ካሴቶቹ ጠየቅኳት። ለምን ፈለግካቸው አለች። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዘፈኑ ባለቤት፣ ስለ ምቱ፣ ሁሉንም አስረዳኋት። ረጅም ነው ያስረዳሁት። ስጨርስ መስመሩ ላይ የሚሰማው የስፌት መኪናዋ ብቻ ነው። ሰማሽኝ ወይ አልኳት። እኔ መቼም እሰማለሁ አለች።

ልዘጋ ስል፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«የሄድሽ ቀን ሦስት ነገር ነግረሽኛል። ጋዙን ይዣለሁ። ሁለቱ ምን ነበሩ?»

መኪናው ቆመ።

«ይህን ለመጠየቅ ሰባት ሳምንት ፈጀብህ» አለችና ዘጋችው።

ሄጄ ጋዙን አየሁት። ዝግ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሜ አየሁት።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ዳኛዋ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። እማዬ ስጪው ብላኛለች አለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አምስት ካሴት። እያንዳንዱ በመጋረጃ ቁራጭ ተጠቅልሎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አራቱ ላይ «አይነካ» ይላል፣ በእሷ ጽሑፍ። አምስተኛው ላይ «ይህ ለእኔ»።

አልጣለቻቸውም። በላያቸው እንዳልቀርጽባቸው ደብቃቸው ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ጣልሻቸው እያልኩ ነዝንዣታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጣልኳቸውም አላለችኝም። ወይም ብላኝ ይሆናል።

የድሮው ካሜራ ይሠራል፣ የካሴት በሩ ግን አይዘጋም። ከክሊኒክ ባመጣሁት ፕላስተር አሰርኩት። ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት። ቡና አብዝቻለሁ።

ግንቦት 23፣ እሁድ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት

ቁጭ ብዬ አራቱን ካሴት ሰማሁ። አየሁ ማለት አልችልም፤ ምስሉንማ በቃሌ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣው የራሴ ድምፅ ነው። «ዝም በሉ፣ እየቀረጽኩ ነው።» እንዴት ያለ አለቃ ድምፅ ነው። ደግሞ ለምን ዝም በሉ እንደምል አልገባኝም፤ ድምፁን እንደሆነ ቆርጬ ልጥለው፣ ዘፈን ልጭንበት ነው። ማንም ለማይሰማው ነገር ሰው ዝም አሰኝ ነበር።

ከዚያ እሷ መጣች፤ ያ የሳፋው ምስል ነው፤ አፏ ሲንቀሳቀስ የምናየው። «አንተ፣ እሱን አስቀምጠውና ያዝልኝ፣ እጄ ዛለ።» እኔ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ።» ትንሽ ቆይታ ደገመችው። እኔ ምን አልኩ? «ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ ብርሃኑ በዚያ ነው።» እሷም ዞረች። እጇ የዛለ ሰው፣ ልጅ እንደያዘች፣ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች ወደ ብርሃኑ ዞረችልኝ። ዲስኩ ላይ እዚህ ቦታ ነው ሳክስፎኑ የሚገባው። በጣም የምኮራበት ቦታ ነበር።

በአራቱ ካሴት ውስጥ ያዝልኝ ያለችውን መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሃያ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ሦስተኛው ካሴት ላይ መናፈሻ ነን። ልጅቷ ሣር ላይ ትሮጣለች። ከጎኔ፣ ካሜራው የማያያት ቦታ ሆና፣ እንዲህ ትለኛለች፦ «ያቺ የልብስ ስፌቷ ባለ ሱቅ አብረን እንሥራ ብላኛለች። ልጅቷን ግማሽ ቀን አንተ ከያዝክልኝ እችላለሁ። ምን ትለኛለህ?» መልስ የለም። ካሜራው ወደ ልጅቷ ጫማ ጠጋ ይላል። ጥሩ ቀረጻ ነው፣ የማሰሪያው ክር ሳይቀር ይታያል። «ተወው በቃ» ትላለች ቆይታ። ከዚያ ነፋስ ብቻ። ሴትየዋ በኋላ ትልቅ ሱቅ ከፈተች። ባለቤቴ ያንን ዕድል ለምን እንዳልተቀበለች ገርሞኝ ያውቃል፤ ሰነፍ ናት ብዬ ለእናቴ የነገርኩበትም ቀን አለ።

ቀና ስል ዳኛዋ በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

«ይኼን ሁሉ ሰምተህ ነው ዘፈን የጫንክበት?»

«አልሰማሁትም» አልኳት።

«እሱ ይብሳል» አለች።

ይግባኝ የለኝም።

ግንቦት 26፣ ረቡዕ

አንዲት እናት ደረታቸው ሊነሳ መጡ። ትንፋሽ ይያዙ አልኳቸው። ምስሉ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ልጄ፣ ልተንፍስ ወይስ ልሙት ሲሉኝ ነው የነቃሁት። እግራቸው ላይ መውደቅ ነበር የቀረኝ። የካርድ ክፍሏ ሰምታ መጣች፤ ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድ አለችኝ፣ በክፋት አይደለም። ቤት ሄጄ ምን እሠራለሁ አልኳት። ሸሚዝ ተኩስ አለችኝ።

ተኮስኩ። አንዱን አቃጠልኩት።

አምስተኛውን ካሴት አልነካሁትም። ለእኔ ብላ የጻፈችበትን እንዴት እነካለሁ። ግን ልካዋለች። እንዳልነካው ብትፈልግ ለምን ላከችው።

ግንቦት 30፣ እሁድ

ዳኛዋን ጠየቅኳት። እንዳታየው ብትፈልግ ኖሮ ካርቶኑ ውስጥ ትከተው ነበር ወይ አለችኝ። አብረን አየነው።

አንድ ደቂቃ ያህል የተለመደው ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ባለቤቴ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ያዝልኝ ትላለች። ከዚያ ምስሉ ተናወጠ፣ ጣሪያ አሳየ፣ ተገለበጠ፣ ቀጥ አለ። ካሜራውን ዝቅተኛው ጠረጴዛ ላይ በጎኑ አስቀምጬው ማጥፋቱን ረስቻለሁ። የሚታየው የቁም ሳጥኑ እግር፣ የምንጣፍ ጫፍና አንዲት የሕፃን ካልሲ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የቁም ሳጥን እግር። በዚያ ቀን ለምን እሺ እንዳልኳት አላስታውስም። እንደ ሌላው ቀን እንቢ ብል ኖሮ ይህ ነገር አይኖርም ነበር።

«ነይ ወደ አባትሽ» ይላል አንድ ሰው። እኔ ነኝ። ድምፁ የእኔ አይመስልም፤ ለስለስ ያለ ነው። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሰውየው እንደ ፍየል ይጮህላታል፣ ዝም ትላለች፣ ሲያቆም ታለቅሳለች፣ እንደገና ይጮሃል። ባለቤቴ መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የሚጀምራት፣ ከዚያ መቆጣጠር ያቅታታል። ይህን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ዓመት ሆነኝ። ባዶ እግሯ በካልሲዋ አጠገብ አለፈ። «አንቺ ሂጂ ተኚ» ይላል ሰውየው፣ «እኔ አለሁ።» «እውነትህን ነው?» «ተኚ አልኩሽ እኮ።» አልጋው ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ ሰውየው ብቻውን፣ በሹክሹክታ፣ ለሕፃኗ እየዞረ በቤቱ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ያስተዋውቃታል። ይህ መስኮት ነው። ይህ ወንበር ነው። ያቺ የተኛችው እናትሽ ናት።

መጨረሻ ላይ፣ ውይ ካሜራው፣ ይልና ይጠፋል።

እኔ እጅ ቢገባ ኖሮ የተበላሸ ካሴት ብዬ መጀመሪያ የምቀርጽበት ይህን ነበር። አለቀስኩ። ይህን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት፣ ጻፍኩት። ዳኛዋ አላጽናናችኝም፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እስክጨርስ ጠበቀች።

«ይኼው ነው ቪዲዮዬ» አለች ከዚያ። «የፍየሉ ቦታ። ሦስት ደቂቃ ይሞላል።»

አንቺ እኮ አትታዪበትም ብላት፣ ካልሲው የኔ ነው አለች።

ሰኔ 4፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ስልኩን እያነሳሁ እያስቀመጥኩ ከርሜ ዛሬ ደወልኩ። ድምፅሽ አለበት፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ሊሰማ ነው፣ ፈቃድሽን ልጠይቅ ብዬ ነው አልኳት። የትኛው ነው አለች። ለእኔ ያልሽው አልኳት።

«እሱ ላይ እኮ ምስል የለም።»

«የቁም ሳጥን እግር አለ።»

በአፍንጫዋ ጀመራት። ቶሎ ያዘችው፣ ግን ሰምቻለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ሌሊት ስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ እሱን እሰማ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ይመጣል እያልኩ፣ ያ ሰውዬ።»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ደህና ዝም ያልኩት ያኔ ይመስለኛል። በመጨረሻ ይሁን አለች፤ ሙዚቃ እንዳትጨምርበት።

ሰኔ 10፣ ረቡዕ

ቸኩዬ ነው። አስተማሪዋ ደወለች። በጣም በጨዋነት። ፋይሉ ሳይበላሽ አልቀረም፣ ምስሉ በጎኑ ተኝቷል፣ ልጅቷም አትታይም አለች። እንዲያው ነው አልኳት። ካልሆነ ከበስተጀርባው ለስለስ ያለ ነገር እናስገባልዎት፣ ባለቤት የሌለው ቆንጆ አለን አለች። ስሙ ማን ነው አልኳት። «የቤተሰብ ጊዜ»።

አመስግኜ እንቢ አልኩ።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ቀረ። እንቅልፍ የለም። ብትመጣስ፣ ባትመጣስ። ሰው ቢስቅባትስ። ስለ ሱቁ፣ ስለ መናፈሻው ይቅርታ ልጠይቃት ወይስ ባላነሳው ይሻላል? አሥራ አምስት ዓመት የዘገየ መልስ መልስ ይባላል? ሁለት ሸሚዝ ተኩሻለሁ። ካሜራውን ልያዝ ወይ ብዬ ዳኛዋን ጠየቅኳት፤ አየችኝ ብቻ።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

መጣች። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች፤ የማላውቀው ነው። ከእህቷ ጋር ነበረች፤ እትዬ ከርቀት አንገቷን ነቅንቃ ሰላም አለችኝ። ዳኛዋ መሃላችን ተቀመጠች።

አርባ ምናምን ልጅ ነው። ሁሉም በፒያኖ ይሮጣል፣ በፒያኖ ሻማ ያጠፋል። ከዚያ የእኛ መጣ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ተበላሽቷል መሰለኝ አለ። አንዱ አፏጨ። ወዲያው ፍየሉ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ወጣ፣ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ከሳቁ ሥር የእሷ ሳቅ መጣና ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እኔ አለሁ ሲል የሰማሁት አንገቴን ደፍቼ ነው። ቀና ስል ባለቤቴ ወደ እኔ እያየች ነበር። ፊቴን አይደለም፣ እጄን። ባዶ ነበር።

ግቢ ውስጥ ለፎቶ ተሰለፉ። አስተማሪዋ ትልቅ ካሜራ ይዛ ወደ እኔ መጣች፤ እርስዎ ያውቁበታል አሉኝ፣ እስቲ ያንሱልን አለች። እጄ ተዘረጋ፤ ልማድ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከጎኔ ቦርሳዋን ዘረጋችልኝ። ጫማዋን ልታስተካክል ጎንበስ ብላለች።

«ያዝልኝ» አለች።

ቦርሳዋን ያዝኩ። በሁለት እጄ። አስተማሪዋ ሌላ ሰው ፈለገች።

አብራኝ ወደ ቤት አልመጣችም፣ ይህን መጻፍ አለብኝ። እህቷ ጋ ነው የተመለሰችው። እስከ ታክሲው ሸኘኋት። ቦርሳው ከባድ ነው፣ ምን እንደያዘች እንጃ፤ መልስልኝ አላለችም፣ እኔም እንኪ አላልኳትም። መንገድ ላይ፣ ሳልጠይቃት፣ ያን ቀን በር ላይ ከነገረችኝ ሁለቱ አንደኛውን ነገረችኝ። ቃል በቃል ሰምቻለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛውን ለሳምንት አለች፣ በሩን ስትዘጋ። ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው ቦርሳው እጄ ላይ መቅረቱን ያየሁት።